መልስ፦ እኔ የቤት ሠራተኞችን ሕግ ነው የማስቀድመው

«ኑሯችንን የሚያሻሽል አንድ አዲስ ሕግ አውጡ ብትባሉ ምን ታወጣላችሁ?» ላልከው ወንድሜ፣ የእኔ የቤት ሠራተኞች ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እነሱን አይሸፍንም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣላቸዋል ብሎ አልፏቸዋል። የሚዳኙት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ዓረብ አገር ለምትሄደው እህታችን እንኳ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለላት። እዚሁ እኛ ቤት የምትሠራዋ ግን የራሷ አዋጅ የላትም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሕጉ የግድ ረጅም መሆን የለበትም። የጽሑፍ ውል፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ይኑረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማታ ትምህርት! ብዙዎቹ ከገጠር የሚመጡት እየሠራን እንማራለን ብለው ነው። «እራት ማን ይሠራል?» እየተባለ የሚቀርባቸው ትምህርት ነው። ደላሎችም ይመዝገቡ፤ ልጅቷን ከቤት ቤት እያዘዋወሩ ኮሚሽን የሚበሉ አሉ።