ለሰባት ሰው፦ ፕራዶ 120፣ ላንድክሩዘር 100 ወይስ ፓትሮል?

ጠያቂያችን፣ ሰባት ቤተሰብ ይዘው ከለገጣፎ ወደ ከተማ ለመመላለስ ያገለገለ ፕራዶ 120፣ ላንድክሩዘር 100 (ሁለቱም ቶዮታ) ወይስ ኒሳን ፓትሮል ይሻለኛል ብለዋል። ከመኪናው ስም በፊት ሞተሩን ይምረጡ።

ለገጣፎ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ፣ ለምሳሌ ቱርቦ ያልተገጠመለት የላንድክሩዘር 4.2፣ ሰው ሞልቶ ዳገት ሲገጥመው ይደክማል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ጭሱን ብቻ አይቶ "የናፍጣ ፖምፓው አልቋል" የሚልዎትን አይመኑ፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ባለ ቱርቦው የፕራዶ 3.0 ናፍጣ ግን ዳገቱን ይችለዋል።

ነዳጅ ላይ፣ የፕራዶው 3.0 በሊትር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የ4.2 ናፍጣዎቹ (የላንድክሩዘሩም የፓትሮሉም) 7 አካባቢ ናቸው። ባለ 4.7 ቤንዚኑ ላንድክሩዘር መንገድ ሲጨናነቅ ከ5 ወይም 6 አያልፍም። በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በሊትር 9 እና በሊትር 5.5 መካከል ያለው ልዩነት 85 ሊትር ገደማ ነው። ያንን በዓመት ያባዙት።

ስፋት ላይ ላንድክሩዘሩ ይበልጣል። ፕራዶ 120 ላይ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው ለሁለት ዘንቢል ያህል ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ወንበሩም ለልጆች እንጂ ረጅም እግር ላለው አይሆንም። ሲያዩት ትልቁን ልጅዎን እዚያ አስቀምጠው ይሞክሩት።

ፕራዶው ላይ ግን ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) ሳያስፈትሹ ቀብድ እንዳይከፍሉ። ከኖዝሉ ስር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ሲያልቅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ያመልጣል። ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ እየደረቀ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ከዚያ ቱርቦውም ሞተሩም ዘይት ይጠማቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ፤ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፣ ከሞቀ ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ሲነሳ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ ኖዝል ይጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ሲከፍቱ ጋዝ ፉት ፉት እያለ ከወጣ ሮንዴላ ወይም ፒስተን ነው። ከዚያ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) የአራቱን ኖዝል ማስተካከያ ቁጥር ያስነብቡ፤ ሞተሩ ሞቆ ሳይረገጥ ከ3 በላይ ወይም ከኔጋቲቭ 3 በታች ያሳየው ታሟል። ሻጩ ከፈቀደ የዘይት ገንዳውን አስፈትተው ወንፊቱን በዓይንዎ ማየት ከሁሉም ይበልጣል፤ ለጥቂት ሰዓት ሥራ ሙሉ ሞተር ያድናሉ።

የፕራዶው 3.0 እና የላንድክሩዘሩ 4.2 ታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ) አላቸው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቤልት መብራት ቤልቱ ሳይቀየርም ሊጠፋ ስለሚችል ደረሰኝ ይጠይቁ። የፓትሮሉ 4.2 በቤልት ሳይሆን በጥርስ (ማርሽ) ስለሚዞር ይህ ስጋት የለበትም። 3.0 ፓትሮል ግን፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት፣ ፒስተን በማቃጠል የታወቀ ስለሆነ ቢረክስም ይለፉት።

ዋጋ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ፤ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ገበያው ላይ ያለው አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ቶዮታ ሲሸጥም ቶሎ ይነሳል፣ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ይገኛል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፣ የባንክ እገዳ እንደሌለበትም ያጣሩ።

በእኔ ግምት ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ኖዝሉ የተመረመረ ፕራዶ፣ ሰባቱም አዋቂ ከሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ዳገት ላይ ቢደክምም፣ 4.2 ናፍጣ ላንድክሩዘር ይውሰዱ። ሲደራደሩም የቤልት፣ የአራት ኖዝልና የአራት ጎማ ዋጋ አስቀድመው ጠይቀው በወረቀት ይዘው ይቅረቡ።