ፓስወርዴን ቀየርኩ፣ ሌባው ግን ተመልሶ ገባ

ጥያቄ፦ የኢሜይሌን ፓስወርድ ቀየርኩ። በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድም አስጀመርኩ። ያም ሆኖ ሰው ገብቶ መልእክቶቼን ያነባል። ከዚያ በፊት ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) የቪዲዮ ማቀናበሪያ ጭኜ ነበር። ፀረ ቫይረሱን ያጥፉ ስላለኝ አጥፍቼዋለሁ። ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ ይገናኛል! ፀረ ቫይረስ አጥፉ የሚል ፕሮግራም በር ክፈቱልኝ እያለ ነው። እንዲህ ያለው ሰላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ብራውዘርዎ ነው። እዚያ ያስቀመጧቸው ፓስወርዶች ተቆልፈዋል። እሱ ግን የሚሠራው በእርስዎ ስም ስለሆነ ቁልፉን ማግኘት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኩኪው ነው። ኩኪ ለድረ ገጹ “ይህ ሰው ቀድሞ ገብቷል” ብሎ የሚመሰክር ትንሽ መረጃ ነው። ሌባው ወስዶ በራሱ ብራውዘር ላይ ሲያስገባው ፓስወርድም ኮድም ላይጠየቅ ይችላል። ኮዱ ያላዳነዎት ለዚህ ይመስለኛል። አንዳንዶቹ ሰላይ ፕሮግራሞች የሚጽፉትን ፊደል ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ስክሪንዎንም ፎቶ ያነሳሉ። ብዙዎቹ ዘርፈው ወዲያው ስለሚጠፉ ኮምፒውተሬ አልዘገየም ብለው አይዘናጉ። ሉማ የተባለው ሰላይ ፕሮግራም ብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 በሁለት ወር ውስጥ ከ394 ሺህ በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን መበከሉን ማይክሮሶፍት ገልጿል።

እባክዎ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ አይቀይሩ፤ አዲሱንም ይወስድብዎታል። ንጹሕ በሆነ ሌላ መሣሪያ ይቀይሩ። ከዚያ “ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ” የሚለውን ይጫኑ፤ የተሰረቀው ኩኪ የሚሞተው ያኔ ነው። ፋይሎችዎን አስቀምጠው ዊንዶውሱን ከባዶ ያስጭኑ። ያንን ማቀናበሪያ ግን መልሰው እንዳይጭኑት።