እንግሊዝኛ ጨርሶ ለማያውቁ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርሰሪም፣ ኤልኬጂም፣ ዩኬጂም አስተምሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ አዳዲስ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን አሠለጥናለሁ። ሰሞኑን ከመምህራንም ከወላጆችም የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጅን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያሳፍር የእንግሊዝኛ ትምህርት አልወድም። የማትስማሙ ተከራከሩኝ።

ጥያቄ (የነርሰሪ መምህርት፣ ደሴ)፦ መምህርት፣ ሥራ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ልጆቹ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም። በምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ በሰውነትሽ ጀምሪ። ተነሥተሽ «ስታንድ አፕ»፣ ተቀምጠሽ «ሲት ዳውን» በይ። ዝለይ፣ አጨብጭቢ፣ አፍንጫሽን ንኪ፤ እያዩ ይከተሉሻል። ከእነርሱ ቃል አትጠብቂ። ትእዛዙን ሰምተው ከፈጸሙ ገብቷቸዋል። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ስልት በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲያዳብሩ መነሻ ያደረጉት ሕፃን የመጀመሪያ ቋንቋውን የሚለምድበትን መንገድ ነው፤ እናቱ «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው» ስትለው ልጁ አፉን ከመፍታቱ በፊት ለወራት በእጁና በእግሩ ሲመልስ ይቆያል።

ሲለምዱት እንቅስቃሴውን ሳታሳዪ ቃሉን ብቻ ተናገሪ። ማን እንደገባው፣ ማን ደግሞ የጎኑን ልጅ አይቶ እንደሚነሣ ያን ጊዜ ይለያል። ከዚያ አሳስቻቸው፦ አንቺ ቆመሽ «ሲት ዳውን» በይ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ «ታች ዩር ኢር» በይ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ «ቲቸር ተሳሳተች!» ብሎ የሚጮኸው ልጅ ቃሉን አውቆታል።

ለነጠላ ቃል ብቻ አትታገይ። «ቦል» ከማለት «ጊቭ ሚ ዘ ቦል» ማለት ይሻላል። በሳምንት አምስት ወይም ስድስት አዲስ ቃል ይበቃል፤ ያለፈው ሳምንት ቃል ግን በየቀኑ ተመልሶ መምጣት አለበት።

ጥያቄ (የኤልኬጂ መምህርት፣ አዲስ አበባ)፦ በእኛ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርሽ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ሽንት ቤት ለመሄድ «ሜይ አይ ጎ አውት» ማለት ግዴታ ነበር። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እግሯን አጣምራ እጇን አወጣች። መምህሯ «ኢን ኢንግሊሽ!» አለቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣም። እጇን አወረደች፤ ወዲያው አግዳሚው ረጠበ። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጇን ስታወጣ አላየኋትም።

ምን ተማረች? እንግሊዝኛ ማለት የሚያሳፍር ነገር መሆኑን። ሽንት፣ ውኃ፣ ሕመምና ፍርሃት በማንኛውም ቋንቋ ሊነገሩ ይገባል። ልጁ «ሽንቴ መጣ» ካለሽ አስወጪው፤ እየሄደ ሳለ «ቶይሌት? ኦኬ፣ ጎ» በይው። እየሰማ ይለምደዋል።

ደግሞስ አማርኛ ምን በደለ? የጨዋታውን ሕግ በአማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግረሽ ጨዋታውን በእንግሊዝኛ ብታጫውቺ ጊዜ ታተርፊያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ወዲያው አትተርጉሚ። ትርጉሙ እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ እንግሊዝኛውን አያዳምጥም።

ጥያቄ (አባት፣ አዲስ አበባ)፦ በአክብሮት እቃወማለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ ከአሁኑ ካልጠነከረ መቼ ሊጠነክር ነው? የምከፍለውም ለዚያ ነው።

መልስ፦ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም ወንድሜ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ ነው ያስቀመጠው። በዚያ ድልድይ ላይ የወደቁ ብዙ ልጆችን አውቃለሁ።

ነገር ግን «በጊዜ የጀመረ ይቀድማል» የሚለው እምነት የሚሠራው ልጁ ቀኑን ሙሉ ቋንቋውን በሚሰማበት አገር ነው። እንግሊዝኛ በቀን አርባ ደቂቃ ብቻ በሚሰማበት ክፍል ጉዳዩ ሌላ ነው። ስፔን ባርሴሎና ውስጥ የተካሄደ የረጅም ጊዜ ጥናት በልጅነታቸው የጀመሩትንና ዘግይተው የጀመሩትን ተማሪዎች እኩል ሰዓት ከተማሩ በኋላ ሲያወዳድር፣ ዘግይተው የጀመሩት በአብዛኛው ቀድመው ተገኝተዋል። ትልቁ ልጅ ማንበብ ይችላል፣ ሕግ ይገባዋል፤ የአራት ዓመቱ ገና ነው።

ታዲያ በኬጂ ለምን እናስተምራለን? ለጆሮና ለፍቅር። ትንንሽ ልጆች ድምፅን በቀላሉ ይይዛሉ፣ ሲሳሳቱም አያፍሩም። ይህን ይዞ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የቀረው ይሞላለታል። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት፣ በአንደኛው ቋንቋ የዳበረ ችሎታ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ማታ ማታ ተረት የሚነገረው፣ «ከዚያስ?» እያለ የሚጠይቅ ልጅ በእንግሊዝኛም ታሪክ መከተል አይቸግረውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተረት ይንገሩት፤ ክፍያ የለውም።

ጥያቄ (ያው አባት)፦ የጎረቤቴ ልጅ ግን እስከ መቶ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል።

መልስ፦ «ሰባት ቆርኪ በእንግሊዝኛ ቆጥረህ ስጠኝ» ይበሉትና ይዩ።

ጥያቄ (የዩኬጂ መምህር፣ ሐዋሳ)፦ ኤቢሲዲን በቃላቸው ይዘምሩታል፤ «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል» እያሉም ይወርዱታል። ሦስት ፊደል ያለው ቃል ግን ማንበብ አቃታቸው። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያስተማርካቸው የፊደሉን ስም ነው፤ ለማንበብ ግን ድምፁ ያስፈልጋል። «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ የጠራ ልጅ ቢገጣጥመው «ሲኤቲ» ነው የሚወጣለት፤ «ካት» ከየት ይመጣል? ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የእኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው፤ «ለ» ብሎ የጠራ «ለ» ብሎ ያነባል። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ይጠብቁታል። በዚያ ላይ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ይሸከማሉ።

መፍትሔው እጃችን ላይ ነው፤ ሳድስን ተጠቀም። «ቢ» ሳይሆን «ብ»፣ «ቲ» ሳይሆን «ት»፣ «ኤስ» ሳይሆን «ስ» በል። ሳድሳችን ከተነባቢው ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አጭር አድርገህ ቁረጠው እንጂ አትጎትተው። ሁሉንም ፊደል በተራ አታስጨርስ። ስ፣ አ፣ ት፣ ፕ፣ ኢ፣ ን የሚሰጡትን ስድስት ፊደላት ብቻ አስቀድም። በእነርሱ «ሲት»፣ «ፒን»፣ «ታፕ»፣ «ናፕ» ይነበባሉ። ስድስት ፊደል አውቆ ዐሥር ቃል የሚያነብ ልጅ 26ቱን ዘምሮ አንድም ከማያነበው ይበልጥብኛል።

ካፒታሉን ፊደል ብቻ ማስጻፍም ልማድ ሆኗል። መጽሐፍ የሚጻፈው ግን በስሞል ፊደል ነው፤ ቢያንስ ጎን ለጎን አሳያቸው። የግድግዳውን ሰንጠረዥም ተመልከተው። «አይ ፎር ኢግሉ» ይላል። ኢግሉ ከበረዶ የሚሠራ የኤስኪሞዎች ቤት ነው። ለሐዋሳ ልጅ ይህን ከማስረዳት ይልቅ የሚያውቀውን ምረጥለት፤ ለምሳሌ በ«ኤፍ» ላይ ፊሽ (ዓሣ) አሳየው፤ ሐይቁ ዳር ሄዶ ያያታል።

ጥያቄ (እናት፣ ባሕር ዳር)፦ ልጄ ሀ ሁንም ኤቢሲዲንም በአንድ ጊዜ ተጀመረለት። አይደበላለቅበትም?

መልስ፦ ሁለት ቋንቋ መስማትና መናገር አይጎዳውም። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ቀላቅሎ ሲናገርም አትደንግጪ፤ የሁለት ቋንቋ ልጆች ጠባይ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ይለየዋል። ሁለት የፊደል ሥርዓት በአንድ ወር መጻፍ ግን ለትንሽ እጅ ጭነት ነው። ፊደላችን 33 በሰባት፣ 231 ቅርጽ አለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፊደሉን በደንብ አስይዤ እንግሊዝኛውን በጨዋታና በጆሮ አቆየዋለሁ። እርሳስ የመያዝ ኃይል ያላጎለበተ ልጅ በአሸዋና በጭቃ ይጻፍ።

ጥያቄ (የዩኬጂ መምህርት፣ ጎንደር)፦ የእኔ አነጋገር ራሱ ጥሩ አይደለም። ስሕተቴን እንዳላወርሳቸው እፈራለሁ።

መልስ፦ የፈረንጅ አፍ አያስፈልግሽም። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። «ስሪ» (ሦስት) እና «ዚስ» (ይህ) የምንላቸው ቃላት ምላስ በጥርስ መካከል ብቅ ብሎ የሚነገሩ ናቸው፤ ልጆቹ ምላስ ማውጣት የተፈቀደበት ትምህርት ስለሆነ ይወዱታል። «እስኩል» የምንለው «ስስስስ» ብሎ ይጀምራል፤ የእባብ ድምፅ አሰሚያቸውና «ኩል»ን ቀጥዪበት። «ሺፕ» (መርከብ) እና «ሺፕ» (በግ) በእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ መርከቧ አጭር፣ በጓ ረጅም ናት። በጓን ስትጠሪ እጅሽን በአየር ላይ ጎትቺው። የቀረውን ጥሩ ቅጂ ከስልክሽ አስደምጪ።

ጥያቄ (አባት፣ መቀሌ)፦ ካርቱን እያየ እንግሊዝኛ ይለምዳል ብዬ ስልክ እሰጠዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ቃላት ይይዛል፤ ንግግር ግን መላሽ ሰው ይፈልጋል፤ ስልኩ አይመልስለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። አጠገቡ ተቀምጠው «ውሻው የት ገባ?» እያሉ አብረው ይዩ።

ጥያቄ (እናት፣ ቨርጂኒያ)፦ እኅት ዓለም፣ እኛ አሜሪካ ከመጣን አጭር ጊዜ ነው። ልጄ ኪንደርጋርተን ገብታለች፤ አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። ሁለት ወር ሆናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ቃል አትተነፍስም። ቤት ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ እንቀይር?

መልስ፦ አትቀይሩ። እንግሊዝኛውን አገሩ ራሱ ያስተምራታል፤ አማርኛውን ከእናንተ በቀር የሚሰጣት የለም። ዝምታዋም የታወቀ ነገር ነው። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገቡ ብዙ ልጆች ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት እየሰሙ ብቻ ይቆያሉ። ቤት ውስጥ በአማርኛ እንደ ወትሮዋ ከተጫወተችና ከተከራከረች አትስጊ። ቤትም ዝም ካለች፣ ወይም ስትጠሪያት የማትሰማ ከመሰለሽ ጆሮዋን አስመርምሪ።

መብትሽን እወቂ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማያውቅን ልጅ ያለ ድጋፍ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይችሉም። ስትመዘገቡ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ይሰጣል። አንዳንድ ወገኖቻችን ልጃችን ወደ ኋላ ትመደባለች ብለው ፈርተው «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞላሉ፤ ልጅቷም የሚገባት ድጋፍ ያመልጣታል። «አማርኛ» ብለሽ ሙዪ። ለወላጅ ስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በነፃ ነው።

መምህሯ የማታውቃቸው ነገሮችም አሉ፤ ንገሪያት። የእኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን መስበሯ አክብሮት ነው፤ እዚያ ግን አላዳመጠችም ያሰኛታል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስባ «እ» ስትል «አዎ» ማለቷ መሆኑንም አስረጂያት፤ መምህሯ ልጅቷ የደነገጠች መስሏት ልትጨነቅ ትችላለች።

ጥያቄ (የዜሮ ክፍል መምህር፣ አዊ ዞን)፦ የእኔ ልጆች የቤት ቋንቋ አዊኛ ነው። አማርኛውም ለብዙዎቹ አዲስ ነው። እንግሊዝኛው ሦስተኛ ሊሆን ነው።

መልስ፦ የከተማ መምህራን ይህን ቢያነቡት ደግ ነበር። በአካባቢያችሁ አዊኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ መሠረቱ አለህ፤ ማብራሪያህ ሁሉ በአዊኛ ይሁን። እንግሊዝኛውን ከአማርኛ በትርጉም አታሻግር፤ በሁለት ድልድይ ያልፋል። በቀጥታ ከዕቃው ጋር አገናኘው፦ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ውኃ፣ ፈረስ። ፈረስ መቼም እናንተ ዘንድ አይጠፋም።

ጥያቄ (የኬጂ ርእሰ መምህር)፦ የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ፈተናና የክፍል ደረጃ በምን መልኩ ይዘጋጅ?

መልስ፦ አይዘጋጅ። የአምስት ዓመት ልጅ «32ኛ ወጣሁ» ብሎ ወደ ቤት የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። መምህሯ በሳምንት ጥቂት ልጆችን እያጫወተች «ሰምቶ ይፈጽማል፣ በቃል ይመልሳል፣ ራሱ ይጠይቃል» ብላ ትመዝግብ።

ጥያቄ (የኤልኬጂ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)፦ ሃምሳ ልጅ አለኝ። ፍላሽ ካርድ የለም፣ ቴፕ የለም። ለሰኞ ጠዋት የሚሆን አንድ ጨዋታ ብቻ ስጡኝ።

መልስ፦ ዘንቢል አምጪ። ውስጡ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ሎሚ፣ ካልሲ፣ ሙዝ ክተቺና በነጠላ ሸፍኚው። ዕቃዎቹን አስቀድመሽ አንድ በአንድ እያሳየሽ በእንግሊዝኛ ጥሪያቸው። ከዚያ እንቆቅልሽ ነው። አንቺ «እንቆቅልሽ!» ስትዪ ሃምሳውም «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ፤ ይህን ማስተማር አያሻሽም። አንድ ልጅ እጁን ከነጠላው ሥር አስገብቶ ይዳስስ፤ «ኢት ኢዝ ሎንግ»፣ «ኢት ኢዝ ስሞል» እያልሽ አግዢው። ክፍሉ ይገምታል፤ ያላወቀ ክፍል «አገር ስጡኝ» ይባላል። አገሩንም በእንግሊዝኛ እስከ ዐሥር ቆጥረው ይስጡ። ሃምሳው ሁሉ ተራ ስለማይደርሰው በረድፍ ከፋፍያቸውና አንዱ ረድፍ ዳሳሽ፣ ሌላው ገማች ይሁን። ሙዙን ግን መጨረሻ ላይ አውጪው፤ አንዴ ከታየ ሌላውን ዕቃ የሚያይልሽ ልጅ አይኖርም።