ስለ ፒላቴስ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

የፒላቴስ አሰልጣኝ ነኝ። የቡድናችን አባላት ስትጠይቁኝ የቻልኩትን እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ያዙልኝ፦ ትንፋሽ አታፍኑ፣ አንገት አትጎትቱ።

ጥያቄ፦ ፒላቴስ ምንድን ነው? ከዮጋ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፒላቴስ ከትንፋሽ ጋር እየተቀናጀ የሚሠራ፣ በተለይ የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክር ስፖርት ነው። ያወጣው በ1883 እ.ኤ.አ. የተወለደው ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላቴስ ነው። ልጅ ሆኖ አስም ያሠቃየው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጠላት አገር ዜጋ ብለው በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው «ማን» በምትባል ደሴት ላይ አሰሩት፤ ስፖርቱን እዚያም ቀጠለ። በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ። የተጎዱ ዳንሰኞች እሱ ጋ ይመላለሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ቦርጭ ያጠፋል?

መልስ፦ ቦርጭን ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት የለም። የሆድ ጡንቻ ግን ያጠነክራል።

አንድ አባል፦ የሚሰግድ ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

ሌላ አባል፦ ስግደት ለጸሎት ነው እንጂ ለወገብ ነው እንዴ?

የመጀመሪያው፦ ለሁለቱም ይሆናል። አያቴን ብታያት!

ሦስተኛ አባል፦ እኔ የምፈራው የሌላ ሃይማኖት ነገር እንዳይኖርበት ነው።

መልስ፦ ፒላቴስ ውስጥ ጸሎት የለም። ከዚህ ያለፈውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጀርባዬን ያመኛል። ምን ልሥራ?

መልስ፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ወደ እግርህ ይወርዳል? እንዲህ በደፈናው አልመልስም። እግርህን ካደነዘዘህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው። ሆዴ መሃሉ ላይ የተከፈተ ይመስላል። ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና እያሉ መነሳት) ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምሪ፣ እህቴ! ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምፈልገው። ሆዳችን ውስጥ፣ ከላይኛው ጡንቻ ሥር፣ ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዝ ጡንቻ አለ። መጀመሪያ መንቃት ያለበት እሱ ነው። ጉልበትሽን አጥፈሽ በጀርባሽ ተኚ። ጎድንሽ ወደ ጎን እስኪሰፋ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። በአፍሽ ቀስ ብለሽ ስታስወጪ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ከታች ሰብሰብ በይ፣ እምብርትሽንም ወደ ውስጥ ሳቢ። ከዚያ ልቀቂው። አንገትሽን አታንሺ። ሆድሽ መሃሉ ላይ ወደ ላይ ሾጠጥ ካለ አቁሚ። በቀዶ ጥገና ከወለድሽ ሐኪምሽ ሳይፈቅድ አትሞክሪው። ትንፋሽ አታፍኚ!

ጥያቄ፦ የፒላቴስ መሥሪያ ማሽን የለኝም። ያለ እሱ ይሆናል?

መልስ፦ ምንጣፍ ይበቃል። ጆሴፍ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሉት 34 እንቅስቃሴዎች ሁሉም ወለል ላይ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ የአጥንት መሳሳት አለባቸው። ይሠሩ?

መልስ፦ ሐኪማቸው ይወስን። ወደ ፊት መጠቅለልና በጀርባ መንከባለል ግን ይቅርባቸው፤ የሳሳ የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ ቦርጭ በስንት ጊዜ ይጠፋል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ «መቶ» የሚሉት እንቅስቃሴ እንዴት ነው? ስሞክረው አንገቴን ያመኛል።

መልስ፦ በጀርባ ተኝተህ ራስና ትከሻህን ቀና፣ እግርህን ከፍ ታደርጋለህ። የተዘረጋ እጅህን ከጎንህ ከፍ ዝቅ እያደረግህ 5 ስትቆጥር አየር ታስገባለህ፣ 5 ስትቆጥር ታስወጣለህ። አሥር ጊዜ ሲደጋገም መቶ ይሞላል። አንተ ግን ለጊዜው ራስህን ምንጣፉ ላይ አሳርፈው፣ ጉልበትህንም እጠፍ። እጅና ትንፋሽህ ብቻ ይሥሩ። ሆድህ ሲጠነክር ራስህን ታነሳለህ።