ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም) የምትሞሉት ለራሳችሁ ብቻ አይደለም

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ሜሪላንድ ካሉት የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሞርጋን ስቴት፣ ቦዊ ስቴት ወይም ኮፒን ስቴት ለመግባት ለምታስቡ ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ የጥቁሮች ኮሌጅ የግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የፌዴራል ግራንት ሲባል ዋሽንግተን ደስ ሲላት የምትሰጠው ምጽዋት ይመስለዋል። አይደለም። የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ እኛ «ታይትል ስሪ» የምንለው ክፍል፣ ከ1964 በፊት ጥቁሮችን ለማስተማር ለተቋቋሙ ኮሌጆች ገንዘብ የሚያከፋፍለው በቀመር ነው። ግማሹ የሚሰላው ፔል ግራንት (አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የፌዴራል ድጋፍ) በሚያገኙ ተማሪዎች ብዛት ነው። ሩቡ በተመራቂዎች። የቀረው ሩብ ደግሞ፣ ከተመረቁ በአምስት ዓመት ውስጥ ጥቁሮች እምብዛም በማይገኙባቸው ሙያዎች ትምህርታቸውን በቀጠሉ ልጆች። (ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ኮንግረስ በየዓመቱ ለብቻው ይመድብለታል፤ የእሱ ነገር ሌላ ነው።)

እንግዲህ አስቡት። ፔል የሚገባው ልጅ «ፎርሙ አሰልቺ ነው» ብሎ ፋፍሳውን ሲተወው፣ የኮሌጁንም ድርሻ ይቀንሳል። የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ ማታ ሒሳብ የሚያስጠናችሁ ልጅ ክፍያ ከዚህ ገንዘብ ይወጣል።

ሌላው ስልክ ነው። እኛ ቢሮ አንዲት ሠራተኛ ረጅም ዝርዝር ይዛ ተመራቂዎች ጋ ትደውል ነበር። «ሕክምና ገባህ? ኢንጂነሪንግ ቀጠልሽ?» የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ብዙዎቹ ግን «መዋጮ ሊጠይቁኝ ነው» ብለው ጆሮዋ ላይ ይዘጋሉ። እባካችሁ አንሱ። «ማስተርስ ጀምሬያለሁ» የምትል አንዲት መልስ ቀመሩ ውስጥ ትገባለች።

ስቴቱንም አትርሱ። የፌዴራሉ ብር ስቴት የነፈገውን አይሞላም። በ2023 የፌዴራል የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ገዥዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ በ1890ው የላንድ ግራንት ሕግ (የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጆችን በሚደግፈው) ሥር ያሉ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች በሦስት አሥርት ዓመታት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደቀረባቸው ገልጸዋል። ደብዳቤ ግን ቼክ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ተመራቂዎችና ተማሪዎች በ2006 ስቴቱን ከሰሱ። አሥራ አምስት ዓመት ተጓተተ። በ2021 ለአራቱ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች በአሥር ዓመት የሚከፈል 577 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደ። እናንተ የምትገቡት ይህ ገንዘብ እየተከፈለ ባለበት ጊዜ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገኙና የእናንተ ክፍል ከዚያ ምን እንደደረሰው ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።