የሾጊ ውድድር ሰዓት፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሾጊ የጃፓን ቼዝ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለ ውድድር ሰዓት፣ ማለትም ተጫዋቹ ለማሰብ ስለሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ስለ አከፋፈት ስልት ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለውድድር ጥሩ ሰዓት ስንት ነው?

መልስ፦ ስንት ዙር? በስንት ቀን? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን አምስት ዙር አስበናል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 20 ደቂቃ፣ ያለቀበት ይሸነፍ ብንልስ?

መልስ፦ አይሆንም። በቼዝ ጠጠር እየተበላ ሰሌዳው ይራቆታል። በሾጊ የተበላው ጠጠር የበላው ሰው እጅ ይገባና ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ይወርዳል። 40ውም ጠጠሮች እስከ መጨረሻው ጨዋታው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከባዱ ሐሳብ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ የእናንተ ሰዓት ደግሞ ልክ እዚያ ጋ ያልቃል።

አንድ ውድድር ስዳኝ ያየሁት አሁንም ይቆጨኛል። ልጁ ወርቅ የሚባለውን ጠጠር በሁለት ጣቱ አንስቷል። ንጉሡ አናት ላይ ሊያስቀምጠው ነው፣ ቼክሜት። ጠጠሩ ሰሌዳውን ሳይነካ ሰዓቱ ጮኸ። ተሸነፈ።

ቢዮዮሚ ጨምሩ። ዋናው ሰዓት ሲያልቅ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚሰጥ ቋሚ ሰከንድ ነው፤ የተረፈው አይጠራቀምም። 15 ደቂቃና 30 ሰከንድ በሉ። በ120 እርምጃ ጨዋታ እያንዳንዱ 60 ጊዜ ይጫወታል፤ ለሁለቱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። 200 እርምጃ ከደረሰ ግን ከሁለት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አምስቱን ዙር አራት አድርጉት።

አንድ አባል፦ ፊሸር አይሻልም? 10 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ይጨመራል። የተረፈህም ይጠራቀማል።

ሌላ አባል፦ ሾጊ በቢዮዮሚ ነው የሚያምረው! ጃፓኖቹን እይ።

አንድ አባል፦ አቤማ የሚባለው የጃፓን የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ውድድር 5 ደቂቃና 5 ሰከንድ ፊሸር ነው። እነሱስ ጃፓኖች አይደሉም?

ሌላ አባል፦ እሱ ለተመልካች ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። ፊሸርም ፍትሐዊ ነው፤ 120 እርምጃ በ40 ደቂቃ ያልቃል። ግን ሰዓታችሁ እንደሚሠራበት ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎቹ በስንት ይጫወታሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ሜይጂን ለሚባለው ትልቅ ማዕረግ ሲጫወቱ እያንዳንዱ 9 ሰዓት አለው፣ ርዩኦ ለሚባለው ማዕረግ 8። በሁለቱም አንዱ ጨዋታ ሁለት ቀን ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1937 ኪሙራና ሳካታ የተባሉ ተጫዋቾች ኪዮቶ በናንዜንጂ ቤተ መቅደስ ሲገጥሙ ለእያንዳንዳቸው 30 ሰዓት ተሰጥቶ ሰባት ቀን ተጫውተዋል። እኔን የሚገርመኝ የማታው ነገር ነው። የሁለት ቀን ጨዋታ ሲቋረጥ ባለተራው ቀጣይ እርምጃውን ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል። ካልታሸገ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ በነፃ ሊያስብ ነው። ፖስታው ጠዋት ሲከፈት ነው ሌላው የሚያውቀው። እንዲህ ነው ስለ ፍትሕ ማሰብ!

ጥያቄ፦ ያው አቀማመጥ አራት ጊዜ ሲደገምስ?

መልስ፦ ጀማሪው ተቀያይሮ እንደገና ይጫወታሉ። ሰዓቱ ይታደስ ወይስ በቀረው ይቀጥሉ የሚለውን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ 25 ደቂቃ ብናደርገውና ያለቀበት ቢሸነፍስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። 25ም ሆነ 40 ያው ነው። ቢዮዮሚ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ በየትኛው እጅ ይመታ?

መልስ፦ ጠጠሩን ባንቀሳቀሰው እጅ።