መልስ፦ ሄክስ ኤዲተር በቾኮሌቲ መጫን

አቦ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ከፍላሽ የገለበጥከው ፒዲኤፍ አልከፈት ብሎሃል። ውስጡን ለማየት ኤችኤክስዲን (የፋይል ባይቶችን በቁጥር የሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር ነው) በቾኮሌቲ (ፕሮግራም በትእዛዝ የሚጭን መሣሪያ ነው) እንዴት እንደምትጭን ነው የጠየቅከው።

ፓወርሼልን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈት። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቾኮሌቲ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ከሌለህ መጀመሪያ እሱን ጫን። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቾኮ ኢንስቶል ኤችኤክስዲ» ብለህ ጻፍ። መጨረሻው ላይ ሰረዝና ዋይ ከጨመርክበት በየመሃሉ «ልቀጥል ወይ?» እያለ አይጨቀጭቅህም። ለማደስ በኢንስቶል ፋንታ አፕግሬድ፣ ለማጥፋት አንኢንስቶል። በቃ።

እኔ አንዴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ከማላውቀው ገጽ ፕሮግራም አውርጄ፣ ቫይረስ ተሸክሜ ነው ቤት የገባሁት። ከዚያ ወዲህ የምጭነው በትእዛዝ ብቻ ነው።

ፋይሉን ከመንካትህ በፊት ግን ኮፒ አስቀር። ኤችኤክስዲ ላይ ስትከፍተው የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች እያቸው። ጤነኛ ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ 25 50 44 46 ብሎ ነው የሚጀምረው። ከላይ እስከ ታች 00 ብቻ ከሆነ አትልፋ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከሰጠህ ሰው እንደገና ተቀበል፤ ፍላሹንም ኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» ሳትል አትንቀለው።